ሟች ቃሉን ሲሰጥ

ከምኒልክ ሆስፒታል በር እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዳገት የተለቀሙ ትዝብቶች

1. በሩ ላይ

የወንጀል ዜና የሚከታተል የአዲስ አበባ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል፦ «አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተልኳል።» ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። የቤተሰቡ ቀን ደግሞ ከዚያ ይጀምራል።

ሰሞኑን በማለዳ በዚያ በር ሳልፍ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች አጥሩ ሥር ተቀምጠው አየሁ። አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ «ድንኳኑን ትከሉ፤ ለቀብሩ ግን ሰዓት አትቁረጡ። ገና አልሰጡንም» ይላሉ። «አልሰጡንም» የምትለው ቃል ቀኑን ሙሉ አልተለየችኝም። ሟቹ ገና የቤተሰቡ አልሆነም። መጀመሪያ ቃሉን መስጠት አለበት፤ መቼ ሞተ? በምን ሞተ? የማን እጅ አለበት?

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱን የአስከሬን ምርመራ ሸክም ብቻውን ተሸክሟል ማለት ይቻላል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሬሳ ተጭኖ፣ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ የሚመጣው ወደዚህ በር ነበር። ኋላ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም ሥራውን ተጋርቷል። ፌዴራል ፖሊስም በቅርብ ዓመታት የራሱን የፎረንሲክ ማዕከል አደራጅቷል። ሆኖም የከተማው ሰው «ምኒልክ ሄዷል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አሁንም ማንም አይጠይቀውም።

2. ሬሳ ሰዓት ይቆጥራል

እኛ ቀብር እናፈጥናለን። ሌሊት ያረፈ ሰው በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አፈር ቢቀምስ ክብሩ ነው፤ ሬሳ ማደሩ ለቤተሰብ ሌላ ቁስል ነው። ሐኪሙ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰውነት ከሞት በኋላም ሰዓት ይቆጥራል።

ሬሳ ይቀዘቅዛል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመንጋጋ አካባቢ ጀምሮ ይደርቃል፤ ውሎ አድሮ ተመልሶ ይላላል። ልብ መግፋቱን ያቆመው ደም ወደ ታች ይወርድና በተጋደመበት በኩል ቆዳውን ያጠቁራል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ካለፈው በኋላ ይረጋል፤ ሬሳው ቢገላበጥም ቦታውን አይለቅም። እንግዲህ በጀርባው ተንጋሎ የተገኘ ሰው ደሙ በደረቱ በኩል ረግቶ ከታየ፣ አንድ ሰው ዘግይቶ መጥቶ አገላብጦታል ወይም ከሌላ ቦታ አምጥቶታል። ጎረቤት ባያይም፣ ዘበኛ ቢተኛም፣ ቆዳው መስክሯል።

«የሞተ ተጎዳ» ይላል ያገሬ ሰው። የሚጎዳው ለራሱ ሊሟገት ስለማይችል ነው። በትዕግሥት የሚያደምጠው ሐኪም ያገኘ ሟች ግን አንድ ጠበቃ አላጣም።

3. አፈር ማልበስ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር አንድ ወጣት ወድቆ የተገኘ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወረደ። እኔም ወረድኩ። አንዷ እናት ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። አንዱ ዓይኑን ከደነለት፤ ሌላው የታጠፈ እግሩን አቃናለት። አንድ አዛውንት ውሻ እንዳይልሰው ብለው ደሙ ላይ አፈር በተኑበት። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ክፉ አላሰበም። ሁሉም እናት አባቶቻቸው ያስተማሯቸውን ነው ያደረጉት።

የፖሊስ ቴክኒክ ምርመራ ባለሙያዎች ደርሰው ገመዳቸውን ሲዘረጉ፣ ጓንት ያጠለቀው ወጣት መርማሪ መሬቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጭቃው ላይ ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ባዶ እግር ተደራርቧል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቶቼ፣ ደግ ነገር ነው ያደረጋችሁት። አሁን ግን እኔ የማነበው የእናንተን እግር ነው» አላቸው።

ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ በ1910 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፖሊስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር የሙያው መሠረት የሆነ ሐሳብ ትቶ አልፏል፤ ሁለት ነገሮች ከተነካኩ አንዱ በሌላው ላይ የሚተወው አለ። ገዳዩ ትቶ ሄዷል። እኛም በላዩ ተውንበት። ስለዚህ ዕድሮቻችን ቢያስተምሩ የምመኘው ነገር አለ። ሬሳ መጠበቅ ጥንትም ባህላችን ነው፤ አድረን እንጠብቃለን። በወንጀል የሞተን ሰው ደግሞ ሳይነኩ፣ ሳይሸፍኑ፣ ዙሪያውን ከበው ሰው ሳያስጠጉ መጠበቅ ከሁሉ የሚበልጥ ክብር ነው።

4. አውጫጭኝ

በቀድሞው ዘመን ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና «አውጣ» ይባላል። ወንጀለኛው ሳይወጣ ማኅበሩ አይበተንም። አውጫጭኝ ይባላል፤ አፈርሳታም ይሉታል። እርሻ ቆሞ፣ ከብት ተበትኖ፣ ቀን በቀን ላይ ይጨመራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የማከብረው ነገር አለ፤ የአንድ ሰው ደም የአገሩ ሁሉ ዕዳ መሆኑን ያምናል። የሚያስፈራኝም አለ፤ እውነት ሁሉ ከሰው አፍ ብቻ እንደሚወጣ ያምናል። የተራበ አፍ፣ የፈራ አፍ፣ ቂም የያዘ አፍ የጠራውን ስም ማን ይመዝነዋል? ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣና እየተወላገደ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ካስቀሯቸው ልማዶች አንዱ ይህ ነው።

ሥርዓቱ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ዛሬም በሰፈር ሰው ተገደለ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «አመነ ወይ?» ብለን ነው። «ምን ተገኘ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያጋጠመኝ ጥቂት ነው።

5. ማጭዶቹ

ቻይናዊው ዳኛ ሶንግ ሲ በ1247 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአስከሬን መርማሪዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የገጠር ግድያ ይተረካል። ሟቹ በማጭድ ተቆራርጧል። መርማሪው የአካባቢውን ሰው ሁሉ ሰበሰበ፤ እንደኛው አውጫጭኝ። የጠየቀው ግን ስም አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ማጭዱን መሬት ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ሙቀት ነበርና ዝንቦች መጡ፤ ከተደረደሩት ሁሉ አንዷን ማጭድ ብቻ ከበቧት። ታጥባ ነበር፤ ለዓይን የማይታየው የደም ሽታ ግን ከብረቱ አልለቀቀም።

ጉባኤው አንድ ነው፤ ሰውና ሜዳው አንድ ነው። ልዩነቱ ጥያቄው ላይ ነው።

6. የበሩ መቃን

በ1892 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኔኮቼያ በምትባል የአርጀንቲና ከተማ ሁለት ሕፃናት ታርደው ተገኙ። እናታቸው ፍራንሲስካ ሮሐስ አንድ ጎረቤቷን ከሰሰች። ፖሊስ ሰውየውን ደበደበው፤ አሠቃየው፤ አላመነም። በመጨረሻ አንድ መርማሪ ወደ ቤቱ ተመልሶ በሩን ሲመረምር ደም የነካው የአውራ ጣት ምልክት አገኘ። እንጨቱን በመጋዝ ቆርጦ ወሰደው። ሁዋን ቩሴቲች በዚያው አገር የአሻራ አመዳደብ ዘዴ አውጥቶ ነበርና ከእናትየው ጣት ጋር አስተያዩት። የእሷ ሆነ፤ እሷም አመነች።

ይህ ታሪክ አሻራ ገዳይን ያስያዘበት የመጀመሪያው ጉዳይ ተብሎ ይጠቀሳል። እኔ የማስበው ያን ጎረቤት ነው። ትንሽ ቢደክም፣ ዱላው ትንሽ ቢበዛበት ኖሮ «አዎ» ብሎ ያርፍ ነበር፤ በሩም ሳይመረመር ይቀር ነበር።

7. አውራ ጣት

ለብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች አሻራ የወንጀል ነገር አይደለም፤ ፊርማቸው ነው። ቀበሌ ሄደው፣ ፍርድ ቤት ሄደው፣ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም ላይ ተጭነው «እኔ ነኝ» የሚሉበት ነው።

ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት እጃቸውን አሳዩኝ። «ይኸው ልጄ፣ አልነበብም አለ» አሉኝ። መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው መሣሪያው ጣታቸውን አላውቅም ብሏቸዋል። ጭራሮው፣ ገመዱ፣ የባሕር ዛፉ ቅርፊት በአርባ ዓመት የጣታቸውን መስመር ፍቆታል። የጉልበት ሥራ የበላው ጣት መስመሩ እንደሚደበዝዝ የአሻራ ባለሙያዎች ያውቁታል። ድሃ ሰው ማንነቱን የሚያስረዳበት ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ያልቃል፤ ሲሞትም ሲኖርም። ስለዚህ መርማሪው በአንድ ማስረጃ ብቻ መተማመን የለበትም፤ ጥርሱን፣ ስብራቱን፣ ዘረመሉን ይጠይቅ።

8. ኮተቤ፣ አረንጓዴ ገመድ

ከየካ ሳልወጣ ወደ ኮተቤ ዞር ልበል። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግ ዘመን ግድያዎችን ሲያጣራ ምስክር ብቻ ሰብስቦ አልቆመም። መሬቱን የሚያነቡ ሰዎች ጠራ። የመጡት የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች ናቸው፤ በራሳቸው አገር በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የተሰወሩትን ወገኖቻቸውን አጥንት ለመለየት፣ በአሜሪካዊው ክላይድ ስኖው እጅ ሠልጥነው የጀመሩ ወጣቶች። የበሩን መቃን ቆርጦ የወሰደው አገር ልጆች ወደ ኮተቤ መጡ።

በ1986 ዓ.ም. በኮተቤው የጦር ካምፕ ግቢ ውስጥ የ30 ሰዎች አፅም ወጣ። በአንገታቸው ዙሪያ የናይለን ገመድ ነበር፤ አረንጓዴ። ሥጋ ፈርሷል፤ ጨርቅ በስብሷል፤ ናይለን ግን አይበሰብስም። ገዳዮቹ ገመድ መረጡ፤ የመረጡት ገመድ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ እንዴት እንደገደሉ ተናገረ።

ሌላው ምስክር የደርግ የራሱ መዝገብ ነበር። ትእዛዙ ተጽፏል፤ ተፈርሟል፤ ማኅተም አርፎበታል፤ በፋይል ተቀምጧል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከ300 ሺህ በላይ ገጽ ሰነድ ሰበሰበ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት እውነትነቱን እዚህ አየሁት። ወረቀቱ ስም ይዞ ቆየ፤ መሬቱ አጥንት ይዞ ቆየ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ሆነ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ ሲባሉ ከዚያ ፍርድ በስተጀርባ ይህ የብሩሽና የማንኪያ ሥራ ነበር። አፅም በአካፋ አይወጣም፤ በቀጭን ብሩሽ አፈሩ እየተጠረገ፣ እየተለካ፣ ፎቶ እየተነሣ ነው የሚወጣው።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ከመስተዋቱ በስተጀርባ አጥንትና የራስ ቅል፣ ሟቾቹ ለብሰውት የነበረው ልብስ ይታያል። እዚያ ስቆም ዓይኔ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ነው። አጥንት ለባለሙያ ይናገራል፤ ልብስ ለእናት ይናገራል።

9. ወለሉ ሥር

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ። መንግሥት በሕመም ሞቱ አለ፤ ቀደም ብሎ ከተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና ጋርም አያያዘው። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ያን የሚያሰኝ ነገር እንዳልነበረ ተናግረዋል። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

በሕመም የሞተን ሰው ወለል ሥር የሚቀብር የለም። አስከሬን ምን እንደገደለው ባይናገር እንኳ፣ የተገኘበት ቦታ ብቻውን መግለጫ ያፈርሳል።

10. «አመንኩ»

አሌክ ጄፍሪስ በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ሌስተር ውስጥ ዘረመል የሰው መለያ እንደሚሆን ደረሰበት። እዚያ አካባቢ ሁለት ልጃገረዶች በሦስት ዓመት ልዩነት ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተይዞ የኋለኛውን ግድያ «አዎ» ብሎ አመነ። ፖሊስ የፊተኛውንም ይመንልኝ ብሎ ናሙናውን ወደ ጄፍሪስ ላከ። ውጤቱ መጣ፤ ገዳዩ አንድ ሰው ነው፣ ይህ ልጅ ግን አይደለም። እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ በዚያው አቆጣጠር በ1988 ተፈረደበት።

ዘረመል በነፍስ ግድያ ጉዳይ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ያመነን ሰው ማዳን ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተጻፈው ትዝ ይለኛል፤ የተያዘ ሰው እንዲያምን አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ሕጉ ጥሩ ነው። ሕጉ እንዲኖር ግን መርማሪው ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። እጁ ላይ ማጉያ መነጽር፣ ናሙና መያዣና የሚሠራ ቤተ ሙከራ የሌለው ፖሊስ የቀረው መሣሪያ የሰው አፍ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራ መሥራት ለሟች ፍትሕ፣ በጣቢያ ላለው ሕያው ሰው ደግሞ ጋሻ መሥራት ነው።

11. ጫካው

ወደ እንጦጦ ስወጣ ብርዱ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። አናቱ ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ ለሽርሽር ሰው የአየር ለውጥ ነው፤ ለአስከሬን መርማሪ ግን የሁለት ሰዓት ቆጣሪዎች ልዩነት ነው። ዝንብ ሬሳ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉ ያድጋል። የትሉን ዕድገት አይቶ ሞቱ ስንት ቀን እንደሆነው መገመት ይቻላል። ትል ግን በሙቀት ይፈጥናል፣ በብርድ ይዘገያል። በሌላ አገር ቆላ የተሠራ ሰንጠረዥ ለእንጦጦ ደጋ አይሆንም። የእኛን ዝንብ፣ በእኛ ብርድ፣ የእኛ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊቆጥረው ይገባል። ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥናት አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ጣታቸውን ያሳዩኝ እናት ስለ ጫካው የማያውቁት ነገር የለም። «ጅብ የጎተተውና ሰው የጎተተው አንድ አይደለም» አሉኝ። «እንዴት ይለያል እማማ?» አልኳቸው። «ጅብ ቁጥቋጦውን ጥሶ ያልፋል፤ ሰው ግን መንገድ ይፈልጋል። ሰው ሲጎትት ደግሞ ይደክመዋል፤ ያረፈበት ቦታ ሣሩ ተኝቶ ታገኘዋለህ።» ይህን የሚያውቅ ሰው በየቀኑ በዚህ ዳገት ይወርዳል። አንድም መርማሪ መጥቶ እንዳልጠየቃቸው ነገሩኝ።

12. አደባባይ

የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። ጳጉሜን 2 ቀን ፌዴራል ፖሊስ ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ። ሕዝቡ መግለጫውን ሰማ፤ ብዙው ግን አልተቀበለም።

ከዚያ ቀን የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የሳይንስ ውጤት በመግለጫ ሲነገር ከማንኛውም መግለጫ አይለይም። ሰው የሚያምነው መንገዱን ሲያይ ነው፤ ጥይቱ ከየት ገባ፣ ማን መረመረው፣ ሌላ ባለሙያ አይቶት ምን አለ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን፤ ንጋት ግን መስኮት ለከፈተ ነው።

13. አንድ ኪሎ አፈር

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ የ35 አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ ለቤተሰቦች መጀመሪያ የተሰጠው ከሥፍራው የተነሣ አንድ ኪሎ ያህል የተቃጠለ አፈር ነበር። በቅድስት ሥላሴ ባዶ ሬሳ ሳጥኖች ተሸኙ። ከዚያ በኋላ ወራት የፈጀ ሥራ ተሠራ። እናት፣ ወንድም፣ ልጅ ናሙና ሰጡ፤ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ከፍርስራሹ የተለቀመውን ከዚያ ጋር አስተያዩ። በዓመቱ መለወጫ ግድም ሁሉም ሟቾች ተለዩ።

ያ አደጋ የነፍሰ ገዳይ ጉዳይ አልነበረም። ሙያው ግን አንድ ነው፤ ዓላማውም። አፈሩን መልሶ ሰው ማድረግ፣ ሰውየውንም በስሙ መጥራት።

14. ኪዳነ ምሕረት

ዳገቱን የጨረስኩት በወሩ 16 ነበር። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከጸበሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ጸበሉ ይመላለሳል። የኪዳነ ምሕረት በዓል የሚያስበው ምን እንደሆነ እዚህ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጇን የገደሉባት እናት ወደ ጎልጎታ፣ ወደ ልጇ መቃብር እየሄደች ስትጸልይ የተቀበለችውን የምሕረት ቃል ኪዳን ነው።

ጠዋት በምኒልክ በር ያየኋቸውን ሴቶች አሰብኩ። የኮተቤዎቹን ሠላሳ ሰዎች እናቶችም አሰብኩ፤ እነሱ ለአሥራ አምስት ዓመት የሚሄዱበት መቃብር አልነበራቸውም። እናት መቃብሩን ካወቀች የምታደርገውን ታውቃለች። የፎረንሲክ ሥራ ሁሉ ከሥሩ ሲታይ እናትን እስከዚያ ቦታ ማድረስ ነው።

ደጀ ሰላሙ አጠገብ አንዲት ሴት ለፍትሐት የሟች ስም ታስመዘግባለች። ቄሱ ስመ ክርስትናውን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው መጻፍ ጀመሩና አቆሙ። «ወልደ ሚካኤል ነው ወይስ ገብረ ሚካኤል? ደግመሽ ንገሪኝ፤ የሌላ ሰው ስም እንዳልጽፍበት» አሏት። ደገመችላቸው። እሳቸውም ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብለው ጻፉት።